ጥልቀት በዓይን አይለካም

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነው። ዛሬ ግን ከእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ የሰልጣኙን ውጤት፣ በስንት ጥረት የሚገኘውን እንጨትና ነገ በየትምህርት ቤቱ የሚቆመውን መምህር ሙያ የሚነካ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጌጥ መፈልፈያ ማሽን ላይ የተሠራ የጠረጴዛ እግር ወይም የአልጋ ምሰሶ ሲበላሽ ከአፋችን የሚቀድም አንድ መልስ አለ፤ «እጁ ገና አልለመደም» እንላለን። ቦዮቹ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆኑ? እጁ አልለመደም። ጥምዝምዙ በአንዱ ጫፍ ጠልቆ በሌላው ጫፍ ላይ ላዩን ቀረ? እጁ አልለመደም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በዚህ ማሽን ላይ ጥልቀትን የሚወስነው እጅ አይደለም፤ ብሎን፣ ማቆሚያና መለኪያ ናቸው። እነሱ ካልተስተካከሉ እጅ አሥር ዓመት ቢለምድ የሚለምደው ስሕተትን ማባበል ብቻ ነው። ስለዚህ የራውተሩ የጥልቀት መቆጣጠሪያ ይሻሻል፣ ሥራውም ከግምት ወደ ቁጥር ይዛወር እንላለን።

ከሌላ ክፍል ለሚያነቡን ጓደኞቻችን ማሽኑን በአጭሩ እናስተዋውቅ። የጌጥ መፈልፈያ ማሽን የቶርኖ ዘመድ ነው። እንጨቱ እንደ ቶርኖው በሁለት ማዕከሎች መካከል ይታሰራል፤ ነገር ግን በፍጥነት የሚዞረው እንጨቱ ሳይሆን የራውተሩ ቢት ነው። ራውተሩ ከእንጨቱ በላይ፣ በሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተይዞ ይቀመጣል። ቢቱ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 25,000 ጊዜ ያህል ሲሽከረከር፣ እንጨቱ ግን በእጅ መዘውር ቀስ እያለ ይዞራል፣ ወይም በክፍፍል ሳህን ተቆልፎ ይቆማል። እንጨቱ ተቆልፎ ጋሪው ብቻ ሲሄድ ቀጥ ያለ ቦይ ይወጣል። እንጨቱና ጋሪው በጥርስ ወይም በገመድ ተያይዘው አብረው ሲሄዱ ደግሞ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ምሰሶ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በስትራስቡርግ ተወልዶ ለንደን የገባው ጆን ጃኮብ ሆልትዛፕፍል ከ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጌጥ ሥራ የሚሆን ቶርኖ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በዚያ ቶርኖ ላይ መቁረጫውን የሚይዘው ተንሸራታች ክፍል ለብቻው የተሠራ የጥልቀት ብሎን ነበረው፤ መቁረጫው ብሎኑ ከፈቀደለት አልፎ አይገባም። መቁረጫውን ወደ ጎን የሚያስኬደው ዋናው ብሎን ደግሞ በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ጥርስ ነበረው፤ ራሱ ላይ ያለውን ክፍፍል እያዩ በኢንች መቶኛ መሄድ ይቻል ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሥራውን ቀጥለውበት፣ ስለ ጌጥ ቶርኖ ብቻ የሚናገረው ትልቁ መጽሐፋቸው በ1884 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካ ውስጥ ሲርስ የተባለው ኩባንያ «ራውተር ክራፍተር» የሚል መሣሪያ ለቤት አናጢዎች ሸጧል፤ ተራ ራውተር ከላይ ይታሰርበትና በእጅ እየተዘወረ የጌጥ እግር ይሠራል። ዛሬ በየወርክሾፑ ያሉትና አናጢዎች ራሳቸው የሚገጣጥሟቸው ማሽኖች የዚህ ዘር ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ነው። የጥንቶቹ ባለሙያዎች እጃቸው የተባ ነበረ። እንዲህም ሆኖ ጥልቀትን ለእጃቸው አልተዉም፤ ለብሎን ሰጡት። እኛ ታዲያ ማንን ተማምነን ነው ለዓይን የምንተወው?

አንዳንዱ «ግማሽ ሚሊሜትር ምን አላት?» ይላል። እስቲ በቁጥር እንየው። በ90 ዲግሪ ቢት፣ ማለትም እንደ «ቪ» በሾለው፣ የምንቆርጠው መስመር ስፋቱ የጥልቀቱ እጥፍ ነው። ጥልቀቱ በ0.5 ሚሊሜትር ቢሳሳት ስፋቱ በ1 ሚሊሜትር ይሳሳታል። ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጌጥ ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት ግማሹ ነው። ይኸን ደግሞ ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንኳ ከበር ላይ ቆሞ ያየዋል።

ሌላ ምሳሌ። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር በሆነ እግር ላይ፣ 12 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ አፍንጫ ቢት፣ 12 ቦዮች ዙሪያውን እንቁረጥ። ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር ሲሆን በሁለት ቦዮች መካከል የሚቀረው ጀርባ 3.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን ያው ጀርባ ወደ 4 ሚሊሜትር ይጠጋል። በቦዩ ውስጥ የማይታየው ግማሽ ሚሊሜትር በጀርባው ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል ማለት ነው። መደርደሪያ ስንሠራ የተቦረቦረው ቦታ ትንሽ ቢጠልቅ ሳንቃው ይሸፍነዋል። ጌጥ ግን ምንም የሚሸፍነው የለውም፤ እሱ ራሱ ላይ ላዩን የተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ጥልቀቱ የት ይጠፋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምንጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። እኛ ያገኘናቸው ስድስት ናቸው።

አንደኛው እንጨቱ ራሱ ነው። ድፍኑ እንጨት ፍጹም ክብ ካልሆነ፣ ወይም የማዕከሉ ቀዳዳ 0.5 ሚሊሜትር ወደ ጎን ከሄደ፣ በአንዱ ወገን 0.5 ይጨምራል፣ በተቃራኒው ወገን 0.5 ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ይሆናል። ቢቱን የፈለግነውን ያህል ብናስተካክል ይኸንን አይፈውሰውም።

ሁለተኛው ሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ከሁለቱ ማዕከሎች መስመር ጋር እኩል ርቀት ይዞ ካልሄደ ቦዩ በአንድ ጫፍ ጠልቆ በሌላው ይሳሳል። ሐዲዱ መሐሉ ላይ ከረገበ ደግሞ ጋሪው እዚያ ሲደርስ ራውተሩ ይወርድና መሐሉ ይጠልቃል።

ሦስተኛው የእንጨቱ መተጣጠፍ ነው። ቀጭንና ረጅም ምሰሶ በቢቱ ግፊት ይሸሻል። ሲሸሽ መሐሉ ላይ ቦዩ ይሳሳል። ከሥር የሚደግፍ ነገር ከሌለ ይኸ የማይቀር ነው።

አራተኛው ኮሌቱ ነው፤ የቢቱን እግር ጨብጦ የሚይዘው ማለት ነው። ኮሌቱ በሙጫና በሰጋቱራ ሲቆሽሽ ወይም ሲያረጅ ቢቱን በደንብ አይጨብጥም። በተለይ ጥምዝምዝ ሆኖ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣ ቢት ራሱን ወደ እንጨቱ እየጎተተ ከኮሌቱ ይወጣል። ሰልጣኙ ምንም ሳይነካ ጥልቀቱ ከቦይ ወደ ቦይ ይጨምራል።

አምስተኛው መቆለፊያው ነው። ብዙ ራውተሮች ወደ ላይ የሚገፋ ሞላ አላቸው። ልኩን አስተካክለን መቆለፊያውን ስናጠብቅ ራውተሩ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ደግሞ በጥድፊያ የተጠበቀ መቆለፊያ በማሽኑ ንዝረት ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስድስተኛው የብሎኑ ባዶ ዙር ነው። በብሎንና በዳዶ መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ክፍተት አለ። ብሎኑን ወደ ታች እያዞርን ቆይተን መልሰን ወደ ላይ ስናዞረው፣ መጀመሪያ ያ ክፍተት እስኪያልቅ ድረስ እጃችን ይዞራል፣ ራውተሩ ግን አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ ተቀየረ፣ ጥልቀቱ አልተቀየረም።

ከስድስቱ ውስጥ የእጅ አለመልመድ የቱ ነው? የለበትም። ሁሉም የማሽኑና የአዘገጃጀቱ ጉዳይ ናቸው። ደግሞም እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው፤ የተበላሸው እንጨት ራሱ ይናገራል። በአንዱ ወገን ያሉት ቦዮች ጠልቀው በተቃራኒው ያሉት ከሳሱ ጉዳዩ ማዕከሉ ነው። ሁሉም ቦዮች በአንድ ጫፍ እኩል ከጠለቁ ሐዲዱ ነው። መሐላቸው ከሳሳ እንጨቱ ሸሽቷል፤ መሐላቸው ከጠለቀ ሐዲዱ ረግቧል። ከመጀመሪያው ቦይ እስከ መጨረሻው ጥልቀቱ እየጨመረ ከሄደ ቢቱ ከኮሌቱ እየወጣ ነው፤ እየቀነሰ ከሄደ መቆለፊያው ላልቷል። ይኸንን ማንበብ የሚችል ሰልጣኝ እውነትም ተማረ ይባላል። «እጅህ አልለመደም» የተባለው ግን ምን ተማረ?

ወደ መፍትሔው እንሂድ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ቁራጭ ባለ 6 ሚሊሜትር ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ጥቂት ዳዶና ሮንዴላ፣ ሁለት ቁራጭ አንግል ብረትና የተረፈ ኮምፐንሳቶ ይበቃል።

ለምን ባለ 6? መደበኛው ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ልኩ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። አንድ ሙሉ ዙር አንድ ሚሊሜትር ይሰጣል፤ ሒሳቡ ለማንም ቀላል ነው። ባለ 8ቱ በዙር 1.25፣ ባለ 10ሩ 1.5፣ ባለ 12ቱ 1.75 ሚሊሜትር ይሄዳሉ። እነሱ ጠንካራ ናቸው፤ ግን በክፍልፋይ ማሰብ ስለሚያስፈልግ ሰልጣኙ ይሳሳታል። ባለ 6ቱ ቀጭን ነው እንዳይባል አጭር አድርጎ መጠቀም ነው።

አሠራሩ ይኸ ነው። አንዱ አንግል ብረት ከራውተሩ ጋር በሚወርደውና በሚወጣው ክፍል ላይ ይታሰር። በእሱ ላይ ዳዶ ተገጥሞ ብሎኑ በዚያ ውስጥ ይለፍ። ሌላው አንግል በማይወርደው በጋሪው ላይ ይታሰርና የብሎኑ ጫፍ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት ይሁን። ራውተሩን ወደ ታች ስንጫነው የብሎኑ ጫፍ ብረቱን ነክቶ ያቆመዋል። ብሎኑን አንድ ዙር ወደ ላይ ስንፈታው ራውተሩ አንድ ሚሊሜትር ጨምሮ የመውረድ ፈቃድ ያገኛል። በብሎኑ ራስ ላይ ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የኮምፐንሳቶ ክብ ይገጠም፤ ዙሪያው በ10 እኩል ይከፈል፤ በአጠገቡ አንድ ቋሚ ምልክት ይቁም። እያንዳንዱ ክፍል 0.1 ሚሊሜትር ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ወደ 19 ሚሊሜትር ስለሚሆን ግማሹን፣ ማለትም 0.05ን፣ ማንም በዓይኑ ይለየዋል። ዓይን መሥራት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ቢቱን በማየት ሳይሆን መስመሩን በማንበብ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ማቆሚያው በተቻለ መጠን ለቢቱ ይቅረብ፤ ከራቀ ጋሪው ሲያዘነብል ልኩን ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ብሎኑ እንዳይዞር የሚያጠብቅ ሁለተኛ ዳዶ ይኑረው። የባዶው ዙር ነገር ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ማቆሚያ አያስጨንቅም፤ ራውተሩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች፣ ብሎኑ ላይ ስለሚጫን ክፍተቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይቀራል። በሌላ ዓይነት ብሎን ለሚሠሩ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ልኩን ካለፉት መልሰው በጥቂቱ አይዙሩ፤ ከልኩ በደንብ አርቀው እንደገና ከዚያው አቅጣጫ ይምጡ።

መቆለፊያው ራውተሩን ከፍ ማድረግ አለማድረጉን ለማወቅ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በብሎኑ ጫፍና በብረቱ መካከል አድርጎ መጫን፣ መቆለፍ፣ ከዚያ መሳብ። ወረቀቱ ከተያዘ ደህና ነው። ሾልኮ ከወጣ ራውተሩ ከፍ ብሏልና እንደገና ይቆለፍ። ለዜሮውም ያው ወረቀት ያገለግላል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወረቀቱን እንጨቱ ላይ አድርጎ ቢቱን በቀስታ ማውረድ፣ ወረቀቱ ሲያዝ ማቆም፣ ከዚያ አንድ ክፍል መጨመር፤ ዜሮው እዚያ ነው። ይኸ ሁሉ ሲደረግ ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። ይኸን እንደ ማስታወሻ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ይወሰድልን። ቢት የሚነካ እጅ ሽቦው የተነቀለበትን ማሽን ብቻ ይንካ።

ቢቱ ሲታሰር ኮሌቱ ይጠረግ፤ የቢቱ እግር እስከ መጨረሻው ገብቶ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለስ፤ ከዚያ ይጠበቅ። በኮሌቱ አፍ ላይ፣ በቢቱ እግር ዙሪያ፣ በቀጭኑ ምልክት ይደረግ። ምልክቱ ከኮሌቱ ከራቀ ቢቱ ተንሸራቷል ማለት ነው። እንጨቱ ደግሞ ጌጡ ከመጀመሩ በፊት እዚያው ማሽን ላይ፣ ጠፍጣፋ ቢት ታስሮለት፣ ዙሪያውን ተልጎ ክብ ይሁን። ከተላገ በኋላ ከማዕከሉ አይውረድ። ወርዶ ከተመለሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በመጨረሻ ስለ አቆራረጡ ቅደም ተከተል እናንሳ። በእኛ እምነት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸ ነው፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ አያስወጣም። ልማዱ አንዱን ቦይ እስከ ሙሉ ጥልቀቱ ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ይኸ ማለት ለ12 ቦዮች ጥልቀቱን ብዙ ጊዜ ማስተካከል ነው፤ እያንዳንዱ ማስተካከያ የራሱን ስሕተት ይዞ ይመጣል። ይልቅ ጥልቀቱ አንድ ጊዜ 1.5 ላይ ይቆለፍና 12ቱም ይቆረጡ። ከዚያ 2.5 ላይ ሆኖ 12ቱም። በመጨረሻ 3 ላይ ሆኖ 12ቱም። የመጨረሻው ዙር የሚያነሣው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ ቀላል ነው፤ እንጨቱም አይሸሽም፣ አይቃጠልም፣ አይሰነጠቅም። ጥቂት ስሕተት ቢቀር እንኳ ለ12ቱም እኩል ይደርሳቸዋል። ዓይን ደግሞ የሚያየው ልዩነትን ነው፤ ሁሉም ቦዮች 2.9 ቢሆኑ ማንም አያውቅም፤ አንዱ ብቻ 2.7 ቢሆን ሁሉም ያውቃል። ለዋንዛ ይኸ አካሄድ ይበቃል። እንደ ወይራ ላለ ጠንካራ እንጨት ዙሮቹን ማብዛት ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንድ መምህራን «ጥሩ ባለሙያ በመጥፎ መሣሪያም ጥሩ ይሠራል» ይላሉ። እውነት አለው። ባለሙያው ግን ይኸን የሚያደርገው የመሣሪያውን ጠባይ ለዓመታት ስላጠና ነው። ሰልጣኙ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ከዚያም በላይ፣ እኛ የምናሠለጥነው አናጢ ብቻ ሳይሆን መምህር ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ለሌላ ቦታ ጥሩ ነው፤ በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ለሌላ ሰው አይተላለፍም። «እንዲያው ደስ እስኪልህ አውርደው» የሚል ትምህርት ከዚህ ግድግዳ አልፎ አይሄድም። «ሦስት ዙር ፈትተህ ቆልፍ፣ ወረቀቱን ሞክር» የሚለው ግን የትም ይሄዳል።

ሌሎች ደግሞ «አሁን ኮምፒዩተር የሚመራው ማሽን መጥቷል፤ ስለ ብሎን ማውራት ያለፈበት ነው» ይላሉ። ኮምፒዩተር የሚመራው ማሽን የታዘዘውን ያህል መውረዱ እርግጥ ነው። ነገር ግን ዜሮውን የሚነግረው ሰው ነው። ኮሌቱ ቢላላ ቢቱ በዚያም ይንሸራተታል፤ እንጨቱ ክብ ባይሆን በዚያም አንዱ ወገን ይጠልቃል። ከስድስቱ ምንጮች ብዙዎቹ እዚያም አሉ። ልዩነቱ እዚያ ማሽኑ ስሕተቱን ያለ ማመንታት፣ በፍጥነት መፈጸሙ ነው። በእጅ ማሽን ላይ ጥልቀት ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነገ በዚያኛው ፊት ሲቆም አይደናገርም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። እሱም ውጤት ነው። በወርክሾፕ ምዘና ሰልጣኙ ሥራውን ያቀርባል፤ መምህሩ ጀርባዎቹ እኩል አለመሆናቸውን ያያል፤ ነጥብ ይቀንሳል። ማሽኑ ያን ዕለት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ግን የሚጠይቅ የለም። ጠዋት የሠራውና ከሰዓት በኋላ የሠራው፣ ኮሌቱ ሲጠረግ የደረሰውና ሰጋቱራ ሞልቶበት የደረሰው፣ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። ይኸ ፍትሕ አይደለም። መጥፎነቱ በነጥቡ ብቻ አያበቃም። ነገ መምህር የሚሆነው ይኸው ሰልጣኝ የራሱን ተማሪዎችም በዚሁ ሚዛን ይመዝናል፤ ለመሣሪያ ጉድለት ሰውን መውቀስን ከእኛ ተምሮ ይሄዳል። በሄደበት ትምህርት ቤት ደግሞ እንጨቱ ጥቂት ነው፤ አንድ የተበላሸ እግር የሚተካው አይገኝም።

በመሆኑም ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ምዘና በፊት ማሽኑ ይፈተን። በተረፈ ክብ እንጨት ላይ በአራት አቅጣጫ አራት ቦዮች በአንድ የጥልቀት ልክ ይቆረጡ፤ በሁለቱ ጫፎችና መሐል ላይ በካሊፐር ጥልቀታቸው ይለካ። በልኮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ሚሊሜትር ከበለጠ የወደቀው ማሽኑ ነውና መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። የፈተናው ቁራጭም ማሽኑ አጠገብ ይሰቀል፤ የፈለገ ይለካው።

ሁለተኛ፣ ማቆሚያውን ራሳቸው ሰልጣኞቹ ይሥሩት። ብሎን መቁረጥ፣ በትራፓኖ መብሳት፣ ክብን በ10 መክፈል፣ ሁሉም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ ሥራ ነው። የልምምድ ቁራጭ ሠርቶ ከመጣል፣ የሚያገለግል ነገር ሠርቶ መማር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በየማሽኑ የጥልቀት ካርድ ይኑር። እንጨቱ፣ ቢቱ፣ የዙሮቹ ጥልቀትና የተገኘው ልክ ይጻፍበት። ዛሬ አንዱ የለፋበትን ነገ ሌላው ከዜሮ እንዳይጀምረው።

ይኸ ሁሉ እጅን ለመናቅ አይደለም። እጅ የሚሠራው ብዙ ነገር አለ፤ የመዘውሩን ፍጥነት ከእንጨቱ ድምፅ ማወቅ፣ የእንጨቱን ጭረት አቅጣጫ ማየት፣ መቼ ማቆም እንዳለበት መስማት። እነዚህን ብሎን አይሠራቸውም። ብሎን የሚሠራውን ለብሎን ስንተው፣ እጅ የሚገባውን ለመማር ጊዜ ያገኛል።

መምህራኖቻችን ይኸን አንብበው የሚቃወሙት ወይም የሚያርሙት ነገር ካለ ይጻፉልን፤ ዓምዱ ክፍት ነው። ሰልጣኞች ደግሞ በሚቀጥለው የወርክሾፕ ቀን ቢቱን ከማሰራችሁ በፊት ኮሌቱን ጥረጉ፤ አንድ ቁራጭ ወረቀትም ይዛችሁ ግቡ።